ኃይሌ አንድ ማንኪያ

«የጋሼን ነጥብ አትደምሩት» አለች ሀዊ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እሱ ግን እንዳያውቅ። ያሳዝናል።»

ኃይለኢየሱስ ይህን የሰማው ከቡና ቅምሻው ክፍል በስተጀርባ፣ ከመስኮቱ ሥር ቆሞ እጁን ሲታጠብ ነው። ውኃ ስለጠፋ ከጀሪካን በጣሳ እየቀዳ ነበር፤ ቧንቧው ቢሠራ ኖሮ ድምፁ ይሸፍንለትና ምንም ሳይሰማ በሰላም ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የሰው ስም ሲነሣ የመጨረሻው ሰሚ ባለስሙ ነው። የዚያን ቅዳሜ ግን ጆሮው ባዳነቱን ትቶ ዘመድ ሆነለት፤ ባይሆንለት በተሻለ ነበር። ቢሰድቡት፣ ሽማግሌው ጃጀ ብለው ቢስቁበት አንድ ነገር ይመልስ ነበር። «ያሳዝናል» ለሚሉት ሰው ግን ምን ይመለሳል? ቀማሽዋን ሀዊን ማንኪያ አያያዝ ያስተማራት እሱ ነው። ትኩሱን ቡና ከአየር ጋር ስባ ምላሷ ላይ እንድትበትነው፣ ከዚያም ሳትውጠው መትፊያው ቆርቆሮ ውስጥ እንድትተፋው ያሳያት እሱ ነው። እጁን በሱሪው ጠራረገና በጓሮው በር ወጥቶ ሄደ። ኮቱ ወንበሩ ላይ ቀረ።

ዲላ ከተማ፣ በሞያሌ መንገድ ዳር ባለው በዚያ የቡና መጋዘን ሁሉም ሰው «ኃይሌ አንድ ማንኪያ» ነው የሚለው። ሌሎቹ ቀማሾች ጠረጴዛውን ሦስቴ ይዞራሉ፤ ስኒው ትኩስ ሳለ፣ ለብ ሲል፣ በመጨረሻም ሲቀዘቅዝ። ቡና ሲሞቅ ይዋሻል፣ ሲቀዘቅዝ ይናዘዛል ይባባላሉ እርስ በርሳቸው። ኃይለኢየሱስ ግን ኑዛዜ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። ከትኩሱ አንድ ማንኪያ ያነሣል፣ ፉጨት በሚመስል ድምፅ ይስበዋል፣ ይተፋዋል፣ ነጥቡን ይናገራል፤ ሌሎቹ ገና ሲዞሩ እሱ ደጅ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። አይስትምም ነበር። ነጋዴው በእሱ አፍ ይምል ነበር። ከገና በኋላ ግን አንድ ክፉ ጉንፋን ያዘው፤ ጉንፋኑ ሲለቀው ሽታን ይዞበት ሄደ። ባለፈው ማክሰኞ ሳሎን ተቀምጦ ሬዲዮ ሲሰማ፣ ማድ ቤት ከሰል ላይ የተጣደው ሽሮ አርሮ ግቢው ሁሉ ሸተተ። ሮጣ የደረሰችው ከጓሮ የምትኖረው የሚስቱ ታናሽ እህት፣ ቆንጅት ነች። ድስቱን አወረደች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ አንድ ጊዜ ፊቱን አየት አደረገችውና ድስቱን ይዛ ወጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጉዱን አውቆታል፤ ለማንም ግን አልተናገረም። ለሁሉም ስኒ መካከለኛ ነጥብ እየሰጠ፣ እንደ ወትሮው ከሁሉ ቀድሞ እየወጣ ሰነበተ። ሰኞ ደግሞ ከውጭ ገዢዎች ይመጣሉ፤ ከአሪቻ መንደር የመጣ የታጠበ ቡና ይቀመሳል፤ በጠረጴዛው ራስ የሚቆመው እሱ ነው። ወይ ማንኪያውን እንደ ሰው ያነሣል፣ ወይ ለሀዊ አስረክቦ ቤቱ ይቀመጣል። ቤቱ ተቀምጦ ምን እንደሚሠራ ደግሞ አያውቅም፤ ቤቱ ውስጥ ማንም የለም።

የባጃጁ ሹፌር ዋጋ የጨመረው ቤንዚን ስለጠፋ መሆኑን ሳይጠየቅ ሲያስረዳ፣ ኃይለኢየሱስም ሳይሰማ እሺ፣ እሺ ሲል ሰፈር ደረሱ። ቤቱ የሟች ሚስቱ የገነት የአባት ቤት ነው። ከፊት ያሉት ሁለት ክፍሎች የእሱ፣ ከእንሰቱ ጀርባ ያለችው አንድ ክፍል የቆንጅት። የግቢው በር አንድ ነው፣ የውኃና የመብራቱ ቆጣሪም እንዲሁ፤ ሌላው ሁሉ ተለያይቷል። ገነት ታማ በተኛችበት ዘመን ቆንጅት የቸርቿን ሰዎች ይዛ እየመጣች አልጋዋ አጠገብ ትዘምርላት ነበር፤ ገነትም ዓይኗን ጨፍና ትሰማ ነበር፣ ደስ ይላታል። ያረፈች ዕለት ግን ኃይለኢየሱስ ማንንም ሳያማክር ቄስ አስጠርቶ እንደ አባቶቹ ሥርዓት ቀበራት። ቆንጅት አስከሬኑ ሳይወጣ አንድ መዝሙር ብቻ እንድትዘምርላት በሩ ላይ ቆማ ስትለምነው፣ «አሁን ጊዜው አይደለም» አላት። ይህችው ናት ጠቡ። አራት ዓመት አለፈ። ከዚያ ወዲህ ቆንጅት ጋሼ ማለቱን ትታ «እርስዎ» ትለዋለች፤ ከአጥር የጠነከረ አክብሮት። እንደምን አደሩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ የቆጣሪው ሒሳብ ሲመጣ ግማሽ ግማሽ፣ በቃ።

ሳሎኑ ገነት ትታው እንደሄደችው ነው። ሶፋዎቹ በነጭ ዳንቴል ተሸፍነዋል፤ ከሁለቱ በአንዱ ላይ ብቻ መቀመጫው ጎድጉዷል። ኃይለኢየሱስ ኮት የሌለው ትከሻው እየቀለለው መሐል ወለሉ ላይ ጥቂት ቆመ። ከዚያ ማድ ቤት ገብቶ በርበሬ አሸተተ። ሳሙና አሸተተ። ሎሚ ቆርጦ አፍንጫው ላይ ለጠፈው። የሸተተው መሰለው፤ ግን ሎሚ መሆኑን ዓይኑ ቀድሞ ነግሮታል፤ ይህን ሁሉ ዓመት የሚያውቀውን ነገር አፍንጫው ይሽተተው ትዝታው ይሽተተው በምን ይለያል? የማያውቀው ነገር ያስፈልገዋል። በሕይወቱ አፉ ያልነካው። እንዲህ ሲያስብ ነው ዓይኑ የቁምሳጥኑ መስታወት ላይ ያረፈው። ከእንግዳ ብርጭቆዎቹ ኋላ አንድ የውጭ አገር ነጭ ወይን ቆሟል። ገነት ደህና ሳለች አንድ ገዢ ያመጣላቸው ነው። ገነት ለክቡር እንግዳ ይሆናል ብላ አስቀመጠችው፤ እንግዳ መጣ፣ እንግዳ ሄደ፣ ወይኑን የሚመጥን ግን አላገኘችም። በኋላም ታመመች።

የቡሽ መንቀያ ቤቱ ውስጥ ኖሮ አያውቅም። በቢላ ሞከረ፣ ቡሹ ተፈረፈረ፤ በመጨረሻ በማማሰያው እጀታ ገፍቶ ጠርሙሱ ውስጥ ጨመረው። ቡሹ ተንሳፈፈ። እንግዲህ ይህ ጠርሙስ ዳግመኛ የሚከደን አልሆነም። በገነት ብርጭቆ ቀዳና ሌላ አጠጣጥ ስለማያውቅ የቅምሻ ማንኪያውን ከኪሱ አውጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እንደ ቡና በፉጨት ሳበው። ምላሱን ቆነጠጠው። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። አበባ የለም፣ ፍሬ የለም፣ ዝም ያለ ቀዝቃዛ ኮምጣጣነት ብቻ። በሳህን ላይ ተፋው። አንድ ማንኪያ በቃው፤ መቼም ከአንድ በላይ አስፈልጎት አያውቅም። ሀዊ ልክ ነበረች አለ በልቡ፣ አፍንጫዬ ሞቷል።

ቆንጅት የገባችው ያን ጊዜ ነው። ያረረውን ድስት በአመድ ፈትጋ ፈትጋ አዲስ አስመስላ አምጥታለች። «ድስትዎን ይኸው» ብላ ጠረጴዛው ላይ ስታኖር ብርጭቆውን አየችና ኮምጣጤ ነው ወይ አለችው። ወይን መሆኑን ነገራት። ጌታን ከተቀበለች ጀምሮ መጠጥ በደጇ አያልፍም፤ ሆኖም እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ሊነክሳት የሚችል ነገር እንደሚያይ ሰው ከሩቁ አንገቷን ሰገግ አድርጋ አሸተተችው። «ምንም አይልም» አለች። «ውኃ የበዛበት ኮምጣጤ። ለሰላጣ ይሆንዎታል።» ወጣች። ኃይለኢየሱስ ነገሩን ከቁብም አልቆጠረው። ወይን ቀምሳ የማታውቅ ሴት፣ ያውም ከሩቅ ሆና፣ ምን ታውቃለች? ሀዊ የእሱን ነጥብ ሳትደምር ቀረች ብሎ ልቡ የተሰበረ ሰው፣ ሰዓት ሳይሞላው የቆንጅትን ነጥብ ሳይደምር ቀረ።

ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ሰኞ ለሀዊ የሚላትን ማሰናዳት ጀመረ። ደከመኝ ልበላት? ጉልበቴን ልበላት? ከደጅ የጥር ሰርገኞች መኪና ጡሩምባውን እየነፋ አለፈ፤ ከጓሮ ቆንጅት ለነገ የምትዘምረውን በለሆሳስ ስትለማመድ ይሰማል። ግድግዳው ያን ያህል ስስ ነው፤ ስታስል ይሰማታል፣ ሲያስል ትሰማዋለች፣ አንዳቸውም ይማርህ ይማርሽ አይባባሉም። ሸለብ አደረገው። ሲነቃ ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው ዞራለች። ወይኑ ጠረጴዛው ላይ እንደተቀዳ ነው፤ የገነትን ብርጭቆ ዝም ብሎ መድፋት ከብዶት ትቶት ነበር። ሲያልፍ፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ ማንኪያውን አንሥቶ ሳበ። ቆመ። አንድ ነገር አለ። ሌላ ክፍል ውስጥ ሰው ሎሚ ሲልጥ እንደሚመጣው ያለ፣ ቀጭን፣ ወዲያው የሚጠፋ። ተፋውና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ደስ አላለውም፤ ፈራ እንጂ። ቅድም የቆረጠው ሎሚ እጁ ላይ ቀርቶ ቢሆንስ? ወይስ ስለፈለገው ብቻ የሸተተው መስሎት?

የቅምሻ ጠረጴዛ ሕግ አለው። ሁሉም ቀምሶ ሳይጨርስ ማንም አይናገርም፤ አንዱ ከተናገረ የሌላው ምላስ ይከተለዋል። አንድ ሰው ብቻውን ደግሞ ቀማሽ አይባልም። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም፤ ብቻውን የቀመሰም የሚያርመው የለም። ስለዚህ ሁለተኛ አፍ መፈለግ ነበረበት። ገደብ ከተማ ለሚኖረው የድሮ ባልደረባው ለገሪማ ደወለ። ገሪማ ስለ ጨጓራው፣ ሐኪም መጠጥ በሶዳም ቢሆን እንዳይቀምስ እንደከለከለው አወራ፤ ዘንድሮ ቡናው መቼ እንደሚያብብ አወራ፤ በመጨረሻም ለምን እንደደወለ ጠየቀው። እንዲያው ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው አለውና ዘጋ። ቀጥሎ ብርጭቆውን በስኒ ማስቀመጫ ከድኖ አስፋልቱን ተሻገረና አህመድ ሱቅ ሄደ። አህመድ የሰፈሩ ባለሱቅ ነው፤ አባቱም እዚያው ሱቅ ውስጥ ሽንኩርት ሲመዝኑ ነው ያረጁት። የተጠየቀውን ሲሰማ ሚዛኑን አስቀምጦ ሳቀ፣ ቀጥሎም እንዳያስቀይመው ሳቁን ዋጠ። «ጋሼ፣ ለእርስዎ ስል መርዝ ቅመስ ቢሉኝ እቀምሳለሁ» አለ፤ «ይሄን ግን አልችልም።» ማሽተቱስ ቢለው ሽንኩርት የሚመርጡትን ሁለት ሴቶች በዓይኑ አሳየው። ሴቶቹም ብርጭቆ ይዞ የቆመውን ሽማግሌ አዩት። ኃይለኢየሱስ ሦስት እንቁላል ገዝቶ ተመለሰ፤ እንቁላል አልጎደለበትም ነበር።

ሲመለስ መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ከገበያ የሚመለሰው፣ ከዩኒቨርሲቲው የሚወርደው ተማሪ፣ ቆጮ በቅጠል ጠቅልላ የያዘችው ሴት፣ ሁሉም ፊታቸው ላይ አንድ አንድ አፍንጫ ይዘው ያልፋሉ። ከዚህ ሁሉ አፍንጫ ለእሱ የሚሆን አንድ ጠፋ። የገነት ሞት ያን ቀን እንደ አዲስ አሳዘነው። ብትኖር አሽትቺልኝ ማለት እንኳ አያስፈልገውም ነበር፤ ገና በሩን ሲከፍት ቤቱ ምን ምን እንደሚል ትነግረው ነበር።

ቤት ገብቶ ክዳኑን ሲያነሣ ማንኪያውን እስኪያገኝ አልጠበቀም። ሽታው ራሱ መጥቶ ተቀበለው። ብርጭቆውን አንሥቶ ተጎነጨ። በሠላሳ ዓመት የቅምሻ ዘመኑ ከዲላ እስከ ገደብ ያለውን ምርጥ ቡና ሁሉ ሲተፋ የኖረ ሰው፣ ይህን ሳያስበው ዋጠው። የበሰለ ኮክ ነበር። ከኮኩ ኋላ ደግሞ አበባ፤ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ባደረ በማግስቱ የቡናው ማሳ በረዶ የወረደበት መስሎ ሲያብብ የሚሸተው ያ ሽታ። ዓይኑ እንባ ሞላ። ወዲያው ግን ጥርጣሬው ተከተለ። የቡና አበባንማ መቼ ረሳው? ከልጅነቱ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለ ሽታ ነው። እንደ ሞተ ሰው ድምፅ ሊሆን ይችላል፤ ከውጭ የመጣ ይመስላል እንጂ ከውስጥ ነው።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ቆንጅት ነች፣ ነጠላዋን በትከሻዋ ጥላለች፣ ፊቷ ተቆጥቷል።

«አህመድ ነግሮኝ ነው» አለች። «ብርጭቆ ይዘው መንገድ ለመንገድ ሲዞሩ ሰው አይቶዎታል። እህቴ ሳለች እንዲህ አልነበሩም።»

ሊቆጣ ይችል ነበር፤ ቁጣውን አጣው። «አልሰከርኩም» አላት። «አንድ ነገር ልለምንሽ። አትጠጪው፣ አሽትቺልኝ ብቻ። እኔን ምን እንደሸተተኝ አልነግርሽም፤ ሕጉ እንደሱ ነው።»

ለምን ብላ ጠየቀችው። ውሸት ፈልጎ ነበር፣ አልመጣለትም።

«አፍንጫዬ ሳይሞት አይቀርም» አለ። «እንደሱ ከሆነ ሰኞ ሥራዬን እተዋለሁ። እኔ ደግሞ የምጠይቀው ሰው የለኝም፣ ቆንጅት።»

ድስቱን አየች፣ ብርጭቆውን አየች። ከዚያ እንደ ቀኑ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ለጸሎት እንደሚጨፈን ዓይኗን ጨፍና፣ ጎንበስ አለች። አፍንጫዋ የብርጭቆውን አፍ ሊነካ ደረሰ። ኃይለኢየሱስ ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ። ሰውን ለመጠበቅ ትዕግሥት ኖሮት የማያውቅ ሰው ጠበቀ። ቆንጅት ቀና አለች፣ ዓይኗን ገለጠች፣ ጠርሙሱን አየች፣ ቀጥላ ጎንበስ ብላ ጠረጴዛው ሥር አየች፤ ከሶፋውም ኋላ አየች።

«ሁለተኛ ጠርሙስ ከፍተሃል» አለች።

«አልከፈትኩም።»

«ጋሼ፣ አትዋሸኝ። ይሄ የቀኑ አይደለም። የቀኑ ምንም አይልም ነበር። ይሄ እኮ ኮክ ኮክ ነው የሚለው። ኮክና የቡና አበባ።»

ኃይለኢየሱስ ሳቀ። ሲስቅ ድምፁ ተሰበረበትና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ቆንጅት ደንግጣ አጠገቡ ያለው ሶፋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ አራት ዓመት ማንም ያልተቀመጠበት ላይ። ወይኑ ነው የተለወጠው። ሲከፈት ዲዳ ነበር፣ ከዋለ በኋላ አፉን ፈታ፤ አፍንጫውም በቀን ምንም የለም ሲለው ምንም አልነበረም፣ አሁን አለ ሲለው አለ። እንደ ድሮው እንዳልሆነ እርግጥ ነው፣ ድስቱ ምስክር ነው። እየዘገየ ነው የሚመጣው። እሱ ደግሞ ከገና ወዲህ ለአንድም ስኒ አንድ ማንኪያ እንጂ ሁለት አልሰጠም፤ ትኩሱን ስቦ፣ ምንም አጥቶ፣ መካከለኛ ብሎ፣ ስኒው ሊናዘዝለት ሲል እሱ ደጅ ፀሐይ ሲሞቅ ነበር። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ። የቆንጅትንም ነጥብ በቀኑ ደምሮት ቢሆን ግማሹን ያኔውኑ ያውቀው ነበር። ይህን ሁሉ እየተደናቀፈ ነገራት፤ ስለ ሀዊም፣ ስለ ኮቱም። ቆንጅት ሰምታ ስትጨርስ ገነት ይህን ወይን ለምን ሳትከፍተው ቀረች አለችው። የሚመጥነው እንግዳ አላገኘችም አላት። ስለዚያ ስለ በሩና ስለ መዝሙሩ ሊላት የፈለገው ነገር ነበር። እሷም የጠበቀችው ይመስላል፤ ነጠላዋን አጣፋች፣ ፈታች፣ እንደገና አጣፋች። ቃሉ አልወጣም። እሷም ግን ቶሎ አልተነሣችም።

«ነገ ደግሞ ሌላ ይሆናል?» አለች በመጨረሻ ብርጭቆውን እያየች።

«አላውቅም። ከዚህ በፊት ቀምሼው አላውቅም።»

«እንግዲያው አትጨርሰው» አለች ተነሥታ። «ከቸርች ስመለስ መጥቼ አሸተዋለሁ።»

ከሄደች በኋላ ኃይለኢየሱስ ለሀዊ ደወለ። «ሰኞ የእኔን ስኒ አትድፉት» አላት። «እስኪቀዘቅዝ ቆሜ እጠብቃለሁ። ያኔም ነጥቤ የማይረባ ከሆነ አትደምሩት፤ ግን ለእኔ ንገሪኝ።» «እሺ ጋሼ» አለች ሀዊ፣ ቀጥላም ቀስ ብላ፣ «ኮትህ እዚህ ቀርቷል።»

ጨለምለም ሲል መብራቱን አብርቶ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠ። ከጓሮ ቆንጅት መዝሙሩን ካቆመችበት ቀጥላለች። ጠርሙሱ ከግማሽ በላይ አለው፤ ቡሹ መሐሉ ላይ ተንሳፍፏል፣ ሽታው ክፍሉን ሞልቶታል፣ ምላሱም አንድ ጊዜ መዋጥን ከለመደ ወዲህ አላርፍ ብሎታል። ሌላ ቅዳሜ ቢሆን ማን ይቆጣጠረኛል ብሎ ይጨርሰው ነበር። የቡና ስኒ አምጥቶ የጠርሙሱ አፍ ላይ ደፋበት። ነገ ሰው ይመጣል።